ፀጉር ቁመት አይደለም

«እዚያ ፓርክ መጀመሪያ የወሰደችኝ እማማ ናት» አለቻት ልጄ ለልጇ፣ በእንግሊዝኛ፣ መሪውን በአንድ እጇ ይዛ። «ያኔ ያንቺ እኩያ ነበርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን የለም።»

እኔ ከፊት ወንበር ላይ መጽሐፍ ገልጬ ተቀምጫለሁ። አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም። እማማ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። ያ ቀን ደግሞ እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ለማንም ሳልተነፍስ የያዝኩት ቀን ነው፤ በልጄ ላይ ካደረግኋቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የማፍርበት።

ልጄ ቀልደኛ ናት። ቀልዷን የምትናገረው ደግሞ ፊቷን እንደ ዳኛ ኮስተር አድርጋ ስለሆነ፣ የምሯን ይሁን፣ እየቀለደች ይሁን፣ ወይስ በልጇ በኩል እኔን እየወጋችኝ ይሁን መለየት አልቻልኩም። ቀና ብዬ አየኋት። መንገዱን ነው የምታየው።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሲያትል ዓመቱን ሙሉ የምትሰስተውን ፀሐይ በሐምሌና በነሐሴ አውጥታ ትጨርሳለች፤ ያን ዕለትም ከኖርዝጌት ከአፓርታማዬ በር ላይ ሲያነሡኝ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ሶዶ የሚሉት የሲያትል የመጋዘን ሰፈር ስንደርስ መንገዱ ተጨናነቀ። የመጋዘኖቹን ጣሪያ እያየሁ፣ እንግዲህ ቁርጡ ቀን መጣ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚያ መጫወቻ ፓርክ ሄጄ አላውቅም። የልጄ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ሰኔ ላይ ልጆቹን ይወስድ ነበር። ወላጅ አብሮ እንዲሄድ የሚጠይቀው ወረቀት ሲመጣ እኔ ሥራ አለብኝ። ሥራ ሲጠፋ ፈተና አለብኝ። ፈተና ሲያልቅ እግሬን ያመኛል። ልጄ አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ እሷም በተራዋ «ማሚ፣ አብረን እንሂድ» ማለት ስትጀምር እንኳ ሰበብ አላጣሁም። ዘንድሮ ግን ጊዜ አልሰጠችኝም። «ቅዳሜ ፒክ አደርግሻለሁ፤ ምቹ ጫማ አድርጊ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ነገሩ እንዲህ ነበር።

ያኔ ሲታክ ውስጥ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ፤ ከሥራ መልስ ኮሌጅ እማራለሁ። እንግሊዝኛዬ ገና በእግሩ አልቆመም። የቤተ ክርስቲያናችን የሰንበት ትምህርት ክፍል በየሰመሩ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ አንድ ቀን ልጆቹን ፓርክ ይወስዳል፤ በዚያ ዓመት እኔም ፈቃድ አግኝቼ ከልጄ ጋር ሄድኩ። የልጆቹ መምህርት ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ፣ ስትስቅ መላ ሰውነቷ የሚስቅ እህት ነበረች። መኪና ማቆሚያው ላይ ልጆቹን አሰልፋ በቁመታቸው ታያቸዋለች፤ ምክንያቱም ትልቁ ሮለር ኮስተር ላይ፣ በሐዲድ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል በሚወረወረው ሰረገላ፣ የሚወጣው ልኩ የደረሰ ልጅ ብቻ ነው። ከጓደኞቿ ሁሉ የኔ ልጅ ብቻ አንድ ጣት ታንሳለች።

«አንድ ጣት!» አለች መምህርቷ። «ምናላት አንድ ጣት? ጌታ አንድ ጣት ቆጥሮ ያውቃል?» አለችና ልጄን ጉልበቷ መሐል አስገብታ፣ እኔ ጠዋት የጎነጎንኩትን ሹሩባ ፈታ፣ ከፍ አድርጋ አበጥራ፣ ከእጇ ላይ ባወለቀችው ላስቲክ አናቷ ላይ እንደ ሞሰብ ክዳን ቆለለችው።

«እህቴ፣ ይሄ ማጭበርበር አይሆንም?» አልኳት።

«ውይ፣ አንቺ ደግሞ! ማጭበርበር አይደለም፣ ማሳመር ነው።»

እናቶቹ ሁሉ ሳቁ። ልጄ በመኪናው መስታወት ራሷን አይታ በደስታ ዘለለች።

የሮለር ኮስተሩ መግቢያ ላይ ቁመት የሚለካው ከእንጨት የተሠራ ድብ ነው። አንድ ክንዱን ዘርግቶ ቆሟል፤ አናትህ ክንዱን ከነካ ታልፋለህ። አጠገቡ የሳር ባርኔጣ ያደረገች አሮጊት ተቀምጣለች። ልጄ ከክንዱ ሥር ቆመች። ፀጉሯ ነካ። አሮጊቷ ፈገግ ብላ በእጇ እለፊ አለቻት። ልጄ አንድ እግሯን ከሰንሰለቱ ወዲያ አሳለፈች።

እጄን ዘርግቼ መዳፌን አናቷ ላይ አደረግሁና ፀጉሯን ተጫንኩት።

«ኖ፣ ፕሊስ» አልኩ። «ሄር። ሄር ኢዝ ኖት ቶል።»

ፀጉር ቁመት አይደለም ማለቴ ነበር። አሮጊቷ እኔን አየችኝ፣ ልጄን አየቻት። ከመዳፌ ጀርባና ከድቡ ክንድ መሐል የቀረው ክፍተት በግልጽ ይታያል። ካየች በኋላ እንዳላየች መሆን አትችልም። «ሶሪ፣ ስዊቲ» አለች።

ልጄ ወዲያው አላለቀሰችም። መጀመሪያ ዞር ብላ አየችኝ። ለቅሶው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

«ምን ማድረግሽ ነው አንቺ ሴትዮ?» አለች መምህርቷ፣ ሌሎቹን ልጆች እያሳለፈች። «አልፋ እኮ ነበር!» ከዚያ ወዲያ ለብዙ ወራት እሑድ እሑድ በር ላይ ስታገኘኝ «ሜትሯ መጣች!» ትል ነበር። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም ለወጉ እስቃለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ስም በተጠራሁ ቁጥር የልጄ አስተያየት ፊቴ ላይ ይደቀናል።

ሰው ቢጠይቀኝ መልስ ነበረኝ። ልኩ የተጻፈው ልጅ እንዳይወድቅ ነው። ወንበሩ ላይ የሚያስረው ብረት የሚይዘው ሥጋና አጥንት እንጂ ጉንጉን አይደለም። ትክክል ነበርኩ፤ ዛሬም ያንን አልክድም። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ እጄን ስታጠብ መዳፌን አየሁትና የማን እንደሆነ አወቅሁት።

እኔ ባደግሁበት ትንሽ ከተማ፣ በኔ ጊዜ፣ የልደት ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው በክንዱ ነው። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከያዘ ደርሷል፤ ካልያዘ ወደ ቤቱ። እኔ ክንደ አጭር ነበርኩ። እናቴ ከምዝገባው ሳምንት ቀድማ ታስጠናኝ ጀመር፤ «አንገትሽን ትንሽ ዘንበል፣ ትከሻሽን ከፍ፣ እንዲህ፣ በቃ ደረሰ!» ትለኝ ነበር። በቀኑም ደርሶልኝ ነበር። ጣቴ ጆሮዬን ነክቷል። መምህሩ ግን መዳፉን አናቴ ላይ አደረገና አንገቴን አቃናው። ጣቴ ከጆሮዬ ሸሸ።

«ለከርሞ» አለ።

ለከርሞ ወንድሜ ተወለደ። ከዚያ ወዲያ ባለው ዓመት እህቴ። ሕፃን የሚያዝል ሰው ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ክንዴ አጭር ቢሆንም ጀርባዬ ደኅና ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት፣ ከዘበኞችና ከቤት ሠራተኞች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ ዛሬ እንጀራዬም እሱ ነው፤ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ልጆች ያመሰቃቀሉትን መጻሕፍት ወደ መደርደሪያቸው እመልሳለሁ። የጠፉትን ስምንት ዓመታት ግን የሚመልስልኝ የለም። ያ መምህር ደግሞ አልዋሸም፣ አልበደለም። ትክክል ነበር። ልክ እንደኔ።

እንግዲህ ይህንን ይዤ ነው ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ውስጥ የተቀመጥኩት። ልጄ «የተደሰትኩበት ቀን» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ፤ ማወቅም ፈራሁ።

ፓርኩ በር ላይ ስንደርስ ልጄ ተለወጠችብኝ። የሠላሳ ምናምን ዓመት ሴት፣ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ሰው የምታዝዝ፣ ቆማ አየሩን ታሸት ጀመር።

«ሽታው! ማሚ፣ ሽታው አልተለወጠም!»

የተጠበሰ ሊጥ፣ ስኳር፣ የገንዳ ውኃ መድኃኒት፣ የፀሐይ ቅባት። ለኔ ከሽታ በቀር ምንም አይደለም። እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ልጇን በእጇ እየጎተተች «ይሄ እኮ ያኔም እዚሁ ነበር፣ ያቺን አየሻት፣ እዚህ ጋ ወድቄ ጉልበቴ ተልጦ ነበር» ትላታለች። የልጅ ልጄ የምታየው ሌላ ነው፤ መሬት ላይ የፈሰሰ አይስክሬም የከበቡ ንቦችን ትቆጥራለች።

ትንሽ እንደተራመድን ልብ ማለት ጀመርኩ። ብቻዋን አይደለችም። በየጥጉ የኔ ልጅ ዕድሜ ያላቸው እናትና አባቶች ልጆቻቸውን አንድ ቦታ ላይ እያቆሙ ፎቶ ያነሣሉ፤ «እኔም እዚሁ ቆሜ ነው የተነሣሁት» ሲሉ ይሰማል። የሚዘፈነው ዘፈን የልጆቹ አይደለም፤ የወላጆቹ የልጅነት ዘፈን ነው። የሚሽከረከሩትን የእንጨት ፈረሶች ቀረብ ብዬ አየኋቸው። ቀለማቸው ትኩስ ነው፤ ግን ያረጀ እንዲመስል፣ ጫፍ ጫፉ ሆን ተብሎ ደብዝዞ ነው የተቀባው። ጎበዝ ሠዓሊ ነው። አዲስ ነገር አሮጌ ማስመሰል አሮጌውን ከማደስ ሳይከብድ አይቀርም። እዚያ ፈረስ ላይ የተቀመጡት ልጆች ግማሾቹ ፊታቸው ተቋጥሯል፤ አጥሩን ተደግፈው እጃቸውን የሚያወዛውዙት ትልልቆቹ ናቸው ከልባቸው የሚስቁት። ፓርኩ ልጆች ማጫወቻ ይባላል እንጂ፣ እኔ ያን ቀን ሲያጫውት ያየሁት ልጅ የነበሩትን ነው።

«ማሚ፣ ኖስታልጂያ በአማርኛ ምንድነው?» አለችኝ ልጄ የሎሚ ጭማቂዋን እየመጠጠች።

«ትዝታ።»

«ትዝታ ሜሞሪ አይደል እንዴ?»

«ናፍቆት በይው እንግዲህ።»

«እሱ ሚስ ማድረግ ነው። እኔ የምልሽ ሁለቱም አንድ ላይ ሲሆን ነው።»

ተቸገርኩ። ቃል ሲጎድለኝ አልወድም፤ ቀኑን ሙሉ ይከነክነኛል። በአማርኛ «ትዝ አለኝ» ነው የምንለው፤ ነገሩ ራሱ መጥቶ ትዝ ይለኛል እንጂ እኔ ሄጄ አላመጣውም። እዚህ ደግሞ ሰው ተሰልፎ፣ ቲኬት ቆርጦ ነው ትዝ እንዲለው የሚገባው። ለኔ ትዝ የሚለኝ ነገር የለም። እዚያ ያለው ሁሉ የሚጠራው ልጅነት የኔ አልነበረም። የኔን ልጅነት የሚመስል ፓርክ ቢሠሩ፣ በር ላይ ለጎብኚው አንቀልባና የሚያለቅስ ሕፃን ማደል ሊኖርባቸው ነው፤ ማንም አይመጣላቸውም። የልጄ ልጅነት ውስጥ ግን እኔ አለሁ። ፈረሶቹና ሽታው ባሉበት እኔም የሆነ ቦታ ቆሜአለሁ። ምን መስዬ እንደቆምኩ ነው ያላወቅሁት።

ሮለር ኮስተሩ ጋ ስንደርስ ልጄ ጮኸች። «ድቡ!»

ያው ድብ ነው። ክንዱን ዘርግቶ ቆሟል። አሁን አጠገቡ የተቀመጠችው የኔ እኩያ የምትሆን ሴት ናት። የልጅ ልጄ ፀጉሯ በተፈጥሮው ብዙ ነው፤ እንደ ደመና ከብቧታል። ሴትዮዋ «ሜይ አይ?» ብላ አስፈቅዳ መዳፏን ፀጉሯ ውስጥ አስገባች፣ እስከ አናቷ ድረስ ተጫነችው። እኔ ትከሻዬ ሳላዝዘው ተሰበሰበ። ልጅቷ ግን ረጅም ናት፤ በአባቷ ወጥታለች። ከልኩ አራት ጣት ታልፋለች።

«ዩ አር ጉድ ቱ ጎ» አለቻት ሴትዮዋ።

የልጅ ልጄ ቀና ብላ ሐዲዱን አየችው። ሰረገላው ከላይ ተምዘግዝጎ ሲወርድ ሰው ሁሉ ጮኸ። «ኖ፣ ታንክ ዩ» አለች በትሕትና።

«እንዴት ኖ?» አለች እናቷ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ነው የጠበቅኩሽ! በጣም ፈን ነው፣ እጅሽን እይዝሻለሁ፣ ዓይንሽን መጨፈን ትችያለሽ።»

«ዩ ጎ፣ ማሚ። አይ ዊል ዎች።»

ልጄ ትለምናለች፣ ልጅቷ በትሕትና እንቢ ትላለች። ከኋላ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። በመጨረሻ ከሰልፉ ወጥተን ጥላ ያለበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ ልጅቷ ከመሐላችን። ልጄ ዓይኗን ከሐዲዱ ላይ አልነቀለችም። እኔ ደግሞ ከዚህ በላይ ልይዘው አልቻልኩም።

«ያን ቀን አልወጣሽም» አልኳት።

«የት?»

«እዚህ። መጀመሪያ የመጣን ቀን። ለልጅሽ በሕይወቴ የተደሰትኩበት ቀን ነው ብለሻታል። ቀላቅለሽው ይሆናል እንጂ፣ ሮለር ኮስተሩ ላይ አልወጣሽም። ሴትዮዋ አሳልፋሽ ነበር። ያስመለስኩሽ እኔ ነኝ። ፀጉርሽን በእጄ ተጫንኩትና ልኩ አልደረሰም አልኩ።»

ይህንን ስናገር ድምፄ እንደ ንባብ ሆነብኝ። ለዓመታት በልቤ ሳርመው የኖርኩት ጽሑፍ ነው፤ አንድ ቃል አልተሳሳትኩም።

ልጄ ጭማቂዋን ከአፏ አወረደች። «ማሚ» አለች፣ «አውቃለሁ። ፀጉሩ ሥር የነበርኩት እኮ እኔ ነኝ።»

ቦርሳዬን ከጉልበቴ ላይ አወረድኩ።

«ታዲያ ምኑ ነው ያስደሰተሽ?»

«ከዛ በኋላ ያለው ነዋ!»

«ከዚያ በኋላ አለቀስሽ።»

«ኦኬ፣ አለቀስኩ። በጣም ነበር የተናደድኩብሽ። ከዛስ?»

ከዚያስ? የኔ ማስታወስ እዚያ ላይ ያበቃል። ከለቅሶው ቀጥሎ ያለው ገጽ ተቀዷል።

«አታስታውሺም?» አለችና መላ አካሏን ወደኔ አዞረች። «ማሚ! ጆሮውን!»

«የምን ጆሮ?»

«ሶ፣ እዚህ ወንበር ላይ አመጣሽኝ። እኔ አላናግርሽም ብዬ ፊቴን አዞርኩ። አንቺ ‹እዚህ አገር ልጅ መለካት አያውቁም፤ በኛ አገር የሚለካው እንዲህ ነው› አልሽና እጄን በአናቴ ላይ አሳለፍሽው። ‹ጆሮሽን ያዢ› አልሽኝ። ያዝኩ። አጨበጨብሽ። ‹አለፍሽ!› አልሽ። ምኑን ነው ያለፍኩት ስልሽ ‹ትምህርት ቤት ገባሽ› አልሽኝ። እኔ እኮ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ ስልሽ፣ ‹ሁለት ጊዜ ገባሽ› አልሽኝ።»

የልጅ ልጄ መሐላችን ተቀምጣ በዝምታ እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ ጆሮዋን ይዛለች።

«ከዛ ‹አንቺስ?› አልኩሽ» ቀጠለች ልጄ። «አንቺም ሞከርሽ። ግን አንገትሽን አጣመምሽ። እኔ ‹ቺቲንግ ነው!› ብዬ በሁለት እጄ ጭንቅላትሽን ያዝኩና አቃናሁት። ቀጥ ብለሽም ግን ደረሰልሽ። ከዛ ሳቅሽ። ማሚ፣ እንዴት እንደሳቅሽ! እኔ እኮ እንደዛ እንደምትስቂ አላውቅም ነበር። ያስፈራኝ ሁሉ ነበር።»

ልጄ የምትነግረኝ ስለ አንዲት ሴት ነው፤ ያቺን ሴት ባውቃት ደስ ይለኝ ነበር።

«ከዛ ሌሎቹ ልጆች ከሮለር ኮስተሩ ወርደው መጡ። ምን እያደረጋችሁ ነው አሉ። እኔ ነገርኳቸው። ተሰለፉ! እዚህ ወንበር ጋ! አንቺ አንድ በአንድ ለካሻቸው፤ ‹አለፍክ፣ አለፍሽ› እያልሽ። ከዛ መምህርታችን እኔም ልሞክር አለች። ክንዷ ወፍራም ስለሆነ አልደረሰላትም። በጣም ታግላ ታግላ… አንቺ ምን እንዳልሻት ታውቂያለሽ?»

«ምን አልኳት?»

«‹ለከርሞ!›»

ልጄ በሳቅ ፈነዳች። «ለከርሞ አልሻት፣ ኮስተር ብለሽ! እሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነው የሳቀችው። ለዛ አይደል እንዴ ሜትሯ እያለች ትጠራሽ የነበረው?»

«ለዚያ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ለምን መሰለሽ?»

ለምን እንደመሰለኝ ነገርኳት። ፀጉሯን ስለተጫንኩ፣ በዚያ እየወጉኝ መስሎኝ ነበር አልኳት። ያን ስም በሰማሁ ቁጥር እሑዴ ይበላሽ እንደነበር ነገርኳት። የመምህሩን መዳፍም ነገርኳት፤ ክንዴ አጭር እንደነበረ፣ «ለከርሞ» ያለኝ እሱ እንደሆነ፣ ስምንት ዓመት እንደቆየሁ። ልጄ ይህንን ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም። ዘግይቼ እንደተማርኩ ታውቃለች፤ ለምን እንደዘገየሁ ግን አልነገርኳትም ነበር። ጆሮ መያዙን እስከዚያ ቀን ድረስ ጨዋታ ይመስላት ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ከክፍሏ ልጆች ጋር ሁሉ ተጫውታዋለች። መምህሯ ከየት አመጣሽው ስትላት «የኢትዮጵያ ጌም ነው» ብላለች።

እውነቱን ለመናገር፣ እስካሁን ትዝ አላለኝም። አስታወስኩ ብል ውሸት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ ልጆች መለካቴ፣ መሳቄ፣ አንዱም አልመጣልኝም። አንድ ነገር ብቻ፣ እዚያው እንደተቀመጥን፣ ቀስ ብሎ ብቅ አለ። የመምህርቷ ክንድ። ወፍራም፣ ላብ ያወረዛው፣ እጅጌው ብብቷ ድረስ የተሰበሰበ ክንድ፣ ከአናቷ በላይ አየር ላይ የቀረ። ፀሐይ አርፎበታል። ያንን አይቻለሁ። ያንን ካየሁ ደግሞ ልጄ የነገረችኝ ሌላውም ሳይሆን አይቀርም።

ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ሲወርድ ተሰማኝ። እንደ እፎይታ ያለ ቃል እዚህ ላይ አይበቃም፤ ሰው ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ሲኖር፣ ካወረደ በኋላ ነው ወገቡን እንዳመመው የሚያውቀው። እኔም ያን ጊዜ ነው ወገቤ የተሰማኝ።

«ሶ» አለች ልጄ፣ ሳቋ ሲበርድ፣ «አንዴም ተመልሰሽ ያልመጣሽው ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«እግሬን ያመኛል የምትዪው?»

«አልፎ አልፎ ያመኝ ነበር።»

«ማሚ!»

«እሺ። አዎ፣ ለዚህ ነው።»

ገለባውን በጥርሷ ትቆረጣጥማለች። «እኔ ደግሞ ከኔ ጋር መዋል ስለማትወጂ ነው የሚመስለኝ። መጽሐፍሽን የምትመርጪ።»

ይሄኛው ወጋኝ። አንዱን ጥፋት ስጠብቅ ሌላውን፣ ቆጥሬው የማላውቀውን፣ ሳጠፋ ኖሬአለሁ። ለይቅርታ አፌን ስከፍት እጇን አነሣችብኝ።

«ኖ፣ ኖ፣ ኖ። አትጀምሪ። ይቅርታውን ተይውና ልጄን ያዢልኝ። እኔ ልወጣ ነው።»

ተነሥታ ወደ ሰልፉ ሮጠች። ሠላሳ ምናምን ዓመቷ ነው፤ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ሮጠች። ድቡ ሥር ስትደርስ ለሳቅ ያህል ከክንዱ ሥር ቆማ ወደኛ እጇን አወዛወዘች። ሴትዮዋም ለሳቅ ያህል ከላይ እስከ ታች አይታ አሳለፈቻት።

የልጅ ልጄና እኔ አንገታችንን አቅንተን ስንጠብቅ ቆየን። ሰረገላው ጫፍ ላይ ወጣ፣ ለአፍታ ቆመ፣ ወረደ። ከሁሉም ድምፅ መሐል የልጄን ድምፅ ለየሁት።

«ሺ ኢዝ ሶ ላውድ» አለች ልጅቷ አፍራ።

«ሕፃን ሳለችም እንደዚሁ ነበረች» አልኳት። «ትውጣው።»

ሦስት ጊዜ ወጣች። ሦስተኛው ላይ ልጅቷ ሰልችቷት መጽሐፌን ከቦርሳዬ አወጣችና ፊደሎቹን በጣቷ እየቆጠረች የምታውቃቸውን ታነብልኝ ጀመር። «ለ» እና «ሰ» ይምታቱባታል። አረምኳት። ልጄ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ ፊቷ ቀልቶ መጥታ አጠገቤ ዘጭ አለች። «ትንሽ ሆኖብኛል» አለች። «ያኔ ሰማይ የሚነካ ነበር የሚመስለኝ።»

«ያኔም ይሄው ነው። አልተለወጠም።»

«አይደለም ማሚ፣ ያኔ ቀይ ነበር። አሁን ሰማያዊ ቀብተውታል።»

«ያኔም ሰማያዊ ነበር።»

«ቀይ ነበር! እኔ አንቺን ልጠይቅ? አንቺ ጆሮውን እንኳ ረስተሻል።»

«ጆሮውን ረስቻለሁ። ሰማያዊነቱን አልረሳሁም።»

ወደ መኪናው ስንሄድ ወንበሩ ያኔ የት ነበር በሚለው ተጣላን፤ እሷ ያው የተቀመጥንበት ነው ትላለች፣ እኔ ያኔ ጥላ አልነበረውም እላለሁ። መኪና ውስጥ ደግሞ የመምህርቷ ላስቲክ ጥቁር ነበር ወይስ ቢጫ በሚለው። ልጄ ቢጫ ነው፣ ለረጅም ጊዜ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬው ነበር አለች። እኔ ጥቁር ነው፣ ፀጉርሽን የተጫንኩት እኔ ነኝ፣ ከመዳፌ ሥር ነበር አልኳት። ያንን ዓረፍተ ነገር ያለ ምንም ፍርሃት፣ እንደ ማስረጃ ነው የተናገርኩት፤ ካልኩት በኋላ ነው ራሴን የሰማሁት። ልጄም አልሰማችኝም፤ ወይም ሰምታ ምንም አልመሰላትም። «ቢጫ ነው!» ብላ መሪውን በመዳፏ መታችው።

ሲታክን ስናልፍ አንድ አውሮፕላን ከአናታችን በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። የልጅ ልጄ ከኋላ ወንበር ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና፣ «ካን ዩ ጋይዝ ፕሊስ ስቶፕ?» አለች።

አላቆምንም። ያን ቀን ዝናብ ነበር ወይስ አልነበረም ወደሚለው ገና መግባታችን ነበር።